ሁለት 50 ሚሜ ሌንሶችን በጀርባ ብዥታ እንዴት እናወዳድር? ደረጃ በደረጃ

አንድ ዓይነት ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። ሰው ሁለት ፎቶ ይልክልኝና «የትኛው ሌንስ ነው ባክግራውንዱን የሚያሳምረው?» ይለኛል። ፎቶዎቹን ስከፍት አንዱ ላይ ሰውየው አንድ ሜትር ላይ ቆሟል። ሌላው ላይ ሁለት ሜትር ተኩል። የአንዱ ጀርባ ሩቅ የመንገድ መብራት ነው፣ የሌላው አጠገቡ ያለ አጥር። ከእነዚህ ፎቶዎች ስለ ሌንሶቹ ምንም ማወቅ አይቻልም። ሰው ግን እንዲህ ባለ ማወዳደሪያ ተማምኖ የብዙ ወር ቁጠባውን ያወጣል። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ቀጥሎ ያለውን በቅደም ተከተል ከሠራችሁ አንድ ምሽትና አንድ ጠዋት ይበቃችኋል። ደረጃ አትዝለሉ። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ገና ሹተሩ ሳይነካ ነው።

መጀመሪያ ይህን ለዩ፦ ብዛትና ጥራት

ጀርባው ምን ያህል ብዥ አለ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ብዥታው ያምራል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን መቀላቀል ማወዳደሩን ከመነሻው ያበላሸዋል።

ብዛቱ የሒሳብ ጉዳይ ነው። 50ን በአፐርቸሩ ቁጥር (ሌንሱ ምን ያህል እንደተከፈተ በሚናገረው ኤፍ ቁጥር) አካፍሉት። በኤፍ 1.8 ወደ 28 ሚሊሜትር ይመጣል። በኤፍ 1.4 ወደ 36 ሚሊሜትር። ይህ ቁጥር ከፊት ሲታይ የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ስፋት ነው። በጣም ሩቅ ያለ መብራት በፎቶው ላይ ክብ ሲሆን፣ ክቡ ፎከስ ባደረጋችሁበት ሰው አጠገብ የዚያን ቀዳዳ ያህል ይሰፋል። ሰውየው የአንድ ብር ሳንቲም ጉንጩ ላይ ቢይዝ፣ በኤፍ 1.8 ከኋላው ያለው የሩቅ መብራት ከሳንቲሙ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ሌንሱ ውድም ሆነ ርካሽ፣ 50 ሚሜ እስከሆነና ኤፍ 1.8 ላይ እስካለ ድረስ ይህ አይለወጥም።

ጥራት ደግሞ የክቡ ጠባይ ነው። ጠርዙ ይደምቃል ወይስ ቀስ ብሎ ይጠፋል? ውስጡ ንጹሕ ነው ወይስ ቀለበት ቀለበት ይላል? ጥግ ላይ ሲሄድ ቅርጹ ምን ይሆናል? ሌንስ ከሌንስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የምንፈትነውም ይህንን ነው።

የምታዘጋጁት

አንድ ካሜራ። ሁለቱንም ሌንሶች በአንድ ካሜራ ላይ ነው የምትፈትኑት። ሁለት ካሜራ ከሆነ፣ በተለይ አንዱ ሙሉ ፍሬም ሌላው ክሮፕ (ሴንሰሩ ያነሰ) ከሆነ፣ ውጤቱን እርሱት። ክሮፕ ካሜራ የሌንሱን መሐል ብቻ ስለሚያይ የጥጉን ጉድለት ይደብቃል።

ትራይፖድ፣ ሜትርና ፕላስተር።

ዒላማ የሚሆን ጀበና። በሰው አትጀምሩ፣ ሰው ይንቀሳቀሳል። ጀበና አይንቀሳቀስም፣ ጠረጴዛ ላይ በደንብ ይቀመጣል፣ አንገቱና ጆሮው ደግሞ ጀርባው ላይ ጥርት ያለ መስመር ይሰጣሉ። ሆዱ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ለጥፉና በቀጭን እስክሪብቶ ጥቂት ቃላት ጻፉበት። ፎከስ የምታደርጉት እዚያ ላይ ነው።

ጥቃቅን የኤልኢዲ መብራቶች ያሉት ገመድ፣ ለገና ዛፍ የሚውለው ዓይነት። ብትችሉ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ውሰዱ። ሁለት ምክንያት አለው። መብራት ቢጠፋ ሥራችሁ አይቋረጥም። ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው። ዓይን አያየውም፣ ፈጣን ሹተር ግን ይይዘዋል።

ለጠዋቱ ፈተና ደግሞ በቅጠሎቹ መሐል ሰማይ የሚታይበት ዛፍ ያስፈልጋችኋል። ባህር ዛፍ ከተገኘ ከእሱ የተሻለ የለም። ቅጠሉ ቀጭን ነው፣ ብርሃኑ ይቆራረጣል። ሌንስን የሚያስጨንቅ ጀርባ ነው።

ደረጃ 1፦ ሌንሶቹን አጽዱ፣ ፊልተር አውልቁ

የፊትና የኋላ መስታወቱን በንፋስ መምቻ ንፉ፣ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ ጥረጉ። የጣት አሻራ ያለበት መስታወት በመብራቶቹ ዙሪያ ጭጋግ ይፈጥራል። ያንን ጭጋግ «ለስላሳ ቦኬ» (ለስላሳ የጀርባ ብዥታ) ብሎ የሚያደንቅ ሰው አጋጥሞኛል።

የዩቪ ፊልተሩን ከሁለቱም ላይ አውልቁ። አንዱ ላይ ፊልተር ካለ የምታወዳድሩት ሌንስን ከሌንስና ከፊልተር ጋር ነው።

ደረጃ 2፦ ካሜራውን አስተካክሉ

1. ሞዱን ማንዋል ላይ አድርጉ። ካሜራው በራሱ ብርሃን ከለወጠ አንዱ ፎቶ ደመቅ ይላል። ደመቅ ያለ ክብ ደግሞ ጠርዙ የከረረ ይመስላል።
2. በሮው ፋይል (ካሜራው ባላስተካከለው ጥሬ ፋይል) አንሱ።
3. ዋይት ባላንሱን አንድ ቦታ ላይ ቆልፉ። ኦቶ አይሆንም።
4. አይኤስኦ 100።
5. በሜኑ ውስጥ ያሉትን የሌንስ ማስተካከያዎች በሙሉ አጥፉ፤ የጥግ ጥቁረት፣ የቀለም ጠርዝ፣ የቅርጽ መዛባት።
6. የንዝረት መከላከያው፣ በሌንሱም በካሜራውም ያለው፣ ይጥፋ።
7. ሹተሩ በ2 ሰከንድ ታይመር ይሁን። በጣት መጫን ትራይፖዱን ያነቃንቃል።
8. የሹተሩን ዓይነት ሜካኒካል ላይ አድርጉ።

ስምንተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው እሱ ነው። ብዙ ሚረርለስ (መስታወት አልባ) ካሜራዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የሹተሩ የመጀመሪያ መጋረጃ ኤሌክትሮኒክ ሆኖ ነው የሚመጡት። ቀስ ባለ ሹተር ችግር የለውም። ሹተሩ ወደ 1/1000 ሲጠጋና ከዚያ ሲያልፍ፣ አፐርቸሩም በጣም ክፍት ሲሆን፣ ክቦቹን በአንድ በኩል ይቆርጣቸዋል። ክቡ እንደተገመሰ ዳቦ ይሆናል። ሌንሱ ላይ ምንም ጥፋት የለም፣ ሰው ግን ሌንሱን ይወቅሳል።

*ካሜራችሁ ሙሉ ሜካኒካል ሹተር ከሌለውስ?* ሶኒ ኤ7ሲ ለምሳሌ የለውም። እንዲህ ከሆነ ሹተሩን ከ1/500 አታሳልፉ። ለዚህም ጥላ ውስጥ አንሱ፣ ወይም ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር በሁለቱም ሌንሶች ላይ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ተጠቀሙ። ምንም በማይንቀሳቀስበት የቀን ፈተና ሙሉ ኤሌክትሮኒክ ሹተርም ይሠራል። በኤልኢዲ መብራት ግን መስመር መስመር ሊያወጣ ስለሚችል ለምሽቱ አይሁን።

ደረጃ 3፦ ርቀቱን ለኩና ቆልፉ

ጀበናውን ከካሜራው 1.5 ሜትር አርቁት። የምትለኩት ከሌንሱ አፍ አይደለም። ካሜራው አናት ላይ ክብ ሆኖ በመሐሉ መስመር የሚያልፍበት ምልክት አለ። ሴንሰሩ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ለኩ።

መብራቶቹን ከጀበናው ኋላ 6 ሜትር ላይ ስቀሉ። ለምን 6 ሜትር? ጀርባው ከጀበናው 1.5 ሜትር ብቻ ከራቀ ሌንሱ ሊሰጠው ከሚችለው ብዥታ ግማሹን ነው የምታገኙት። በ6 ሜትር 80 በመቶውን ታገኛላችሁ። ከዚያ በላይ ብታርቁት የምትጨምሩት ትንሽ ነው። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ 4 ሜትርም ይበቃል። ዋናው ነገር ለሁለቱም ሌንስ አንድ መሆኑ ነው።

መብራቶቹን መሐል ላይ አትከምሩ። ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ፣ ከላይ እስከ ታች ፍሬሙን ይሙሉ። የጥጎቹ መብራቶች ብዙ ይነግሯችኋል።

የትራይፖዱን ሦስት እግሮችና የጀበናውን መቀመጫ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

*ሌንስ ስትቀይሩ ፍሬሙ ቢወርድ፦* ይህ ያጋጥማል። የካኖን 50 ሚሜ 1.8 ኤስቲኤም 160 ግራም ገደማ ነው። የሲግማ 50 ሚሜ 1.4 አርት ዲጂ ኤችኤስኤም ሞዴል 815 ግራም ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ስትቀይሩ የትራይፖዱ ራስ ዝቅ ይላል። ራሱን ብቻ አስተካክላችሁ ጀበናውን ወደ ነበረበት መልሱ። እግሮቹን አትንኩ።

*መጠኑ ትንሽ ቢለያይ፦* 50 ተብሎ የተጻፈበት ሌንስ ሁሉ ልክ 50 አይደለም። በቅርብ ርቀት ደግሞ ፎከሱ ራሱ ፍሬሙን ያጠብባል ወይም ያሰፋል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ተዉት፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ትቆርጡታላችሁ። እንደ ሄሊዮስ 44-2 ያለ 58 ሚሜ ሌንስ ከ50 ጋር የምታወዳድሩ ከሆነ ግን ካሜራውን ወደ ኋላ ወስዳችሁ ጀበናውን በፍሬሙ ውስጥ እኩል አድርጉት። አዲሱን ርቀትም ጻፉት።

ደረጃ 4፦ ፎከስ

ኦቶፎከስን አጥፉ። ጀበናው ላይ የለጠፋችሁትን ጽሑፍ በካሜራው ስክሪን ላይ እስከ መጨረሻው አጉልታችሁ በእጅ ፎከስ አድርጉ። ቀለበቱን ከጥርት አሳልፉት፣ መልሱት፣ እንደገና አሳልፉት፣ ከዚያ መሐሉን ያዙ። ለምን ይህን ያህል መጨነቅ? ፎከሱ በትንሹ ወደ ፊት ከመጣ የጀርባው ክቦች ይሰፋሉ፣ ወደ ኋላ ከሄደ ይጠባሉ። ያኔ የምታወዳድሩት ሌንሶቹን ሳይሆን የእጃችሁን ስህተት ነው።

አፐርቸር በለወጣችሁ ቁጥር ፎከሱን ደግማችሁ ፈትሹ። አንዳንድ ክፍት ሌንሶች ከ1.4 ወደ 2.8 ሲዘጉ ፎከሳቸው ወደ ኋላ ይሸሻል። ስትፈትሹ የምታነሱበት አፐርቸር ላይ ሆናችሁ ይሁን።

ደረጃ 5፦ የምሽቱ ፈተና

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጀምሩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጨርሶ ሲጠቁር ጥሩ ነው።

አሁን የምታነሱት ጀበናው እንዲያምር አይደለም። ተጋላጭነቱን ለመብራቶቹ አስተካክሉ። ጀበናው ቢጨልም ግድ የለም። ብዙ ሰው ክቦቹ ድፍን ነጭ እስኪሆኑ ያበራቸዋል። ድፍን ነጭ በሆነ ክብ ውስጥ ቀለበትም፣ ጠርዝም፣ ቆሻሻም አይታይም። ሁሉም ሌንስ እኩል ጥሩ ይመስላል። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ። የክቦቹ ቀለም፣ ቢጫው ቢጫ፣ ቀዩ ቀይ ሆኖ መታየት አለበት።

መብራቱ ከሶኬት ከሆነ ሹተሩ 1/50 ይሁን። አሁንም በጣም ከበራ ሹተሩን አታፍጥኑ፣ መብራቱን ስስ ወረቀት አልብሱት። በባትሪ ድንጋይ ከሆነ የፈለጋችሁትን ፍጥነት ተጠቀሙ።

በእያንዳንዱ ሌንስ እንዲህ አንሱ፦

1. ሌንሱ በሚችለው ከፍተኛ ክፍተት።
2. በሁለቱም የሚገኘው ሰፊ ክፍተት ላይ። አንዱ 1.4 ሌላው 1.8 ከሆነ ሁለቱም 1.8 ላይ።
3. ኤፍ 2.8።
4. ኤፍ 4።

በቁጥር አንድ እና በቁጥር ሁለት ያሉትን አታምታቱ። በኤፍ 1.4 የተነሳው ፎቶ ክቦቹ 28 በመቶ ገደማ ሰፋ ይላሉ። ያ ብዛት ነው። ጥራትን የምታዩት እኩል አፐርቸር ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ የማይጠበቅ ነገር ታያላችሁ። የ1.4ቱ ሌንስ 1.8 ላይ ሲዘጋ የጥግ ክቦቹ ብዙ ጊዜ ሙሉ ክብ ወደ መሆን ይጠጋሉ፣ የ1.8ቱ ሌንስ ደግሞ ገና መጨረሻ ክፍተቱ ላይ ስለሆነ ጥጉ ላይ ይጨመቃል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ሌንስ፣ ሁለተኛው ሌንስ፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያው። ሦስተኛው ዙር ትርፍ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ሌንስ ሁለቱ ዙሮች አንድ ካልሆኑ በመሐል የተንቀሳቀሰ ወይም የደከመ ነገር አለ። ምናልባት ትራይፖዱ፣ ምናልባት ፎከሱ፣ ምናልባት የመብራቱ ባትሪ። ፈልጋችሁ አስተካክሉና ዙሩን ድገሙት።

ደረጃ 6፦ የጠዋቱ ፈተና

መብራት ጥሩ መርማሪ ነው፣ ግን የሩቅ መብራት ያለው ፎቶ በየትኛውም ሌንስ ያምራል። ሠርግ የሚያነሳ ሰው ያውቀዋል፦ የሚያስቸግረው ጀርባ የተዝረከረከው ነው። ቅጠል፣ ጭራሮ፣ የሽቦ አጥር፣ በቅጠል መሐል የሚያብለጨልጭ ሰማይ።

ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ጀበናውን ባህር ዛፉ ፊት አስቀምጡት። ሁለት ርቀት ሞክሩ።

1. ዛፉ ከጀበናው 4 ወይም 5 ሜትር ሲርቅ።
2. ቅርንጫፉ ወይም የሽቦ አጥሩ ከጀበናው 60 ሴንቲሜትር ብቻ ሲርቅ።

ሁለተኛው ላይ በደንብ ጊዜ ውሰዱ። ጀርባው ሲቀርብ ክቦቹ ትንሽ ናቸው። ወደ 8 ሚሊሜትር ይወርዳሉ። የሌንሱ መጥፎ ጠባይ ጎልቶ የሚወጣው ያኔ ነው። ጠርዙ የሚደምቅ ሌንስ አንዷን ጭራሮ ሁለት አድርጎ ያሳያል፣ እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን። ጥሩ ሌንስ እዚያው ጭራሮ ላይ አንድ ለስላሳ ጥላ ብቻ ይተዋል።

ቅጠል ከጀበናው ፊትም 40 ሴንቲሜትር ላይ አድርጋችሁ አንሱ። ከኋላ ለስላሳ የሆነ ሌንስ ከፊት የከረረ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚመጣው ሌንሱ የጠርዙን ጨረር ከሚያስተካክልበት መንገድ ነው። በአንድ በኩል የሚያለሰልሰው በሌላው በኩል ዋጋ ያስከፍላል። የሙሽሮችን ቀለበትና እጅ ከፊት አስቀምጣችሁ የምታነሱ ከሆነ ይህ ለእናንተ ትልቅ ጉዳይ ነው።

*ንፋስ ከመጣ* ጠብቁ። የተንቀሳቀሰ ቅጠል የራሱ ብዥታ አለው። *ደመና ከመጣ* የተነሳውን አትጠቀሙ፣ ፀሐዩ እስኪመለስ ጠብቃችሁ የሁለቱንም ሌንስ ዙር ከመጀመሪያው አንሱ።

ደረጃ 7፦ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ

ፋይሎቹን ስትከፍቱ በመጀመሪያ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን የሌንስ ፕሮፋይልና የቀለም ጠርዝ ማስወገጃ አጥፉ። የመሐሉ ብርሃን በሁለቱ ፎቶዎች ላይ እኩል እንዲሆን አስተካክሉ። ኤፍ 1.8 ብለው የተጻፉ ሁለት ሌንሶች የሚያሳልፉት ብርሃን በትንሹ ይለያያል። ሻርፕኒንግ ዜሮ ይሁን።

ከዚያ 100 በመቶ አጉልታችሁ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ።

*የክቡ ጠርዝ።* መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ከሁሉ በላይ የምመዝነውም እሱን ነው። ክቡን የሚከብ ደማቅ መስመር ካለ ያ ሌንስ በቅጠልና በሽቦ ፊት ያስቸግራችኋል። ክቡ ከመሐል ወደ ዳር እየደበዘዘ የሚጠፋ ከሆነ ጥሩ ነው።

*የክቡ ውስጥ።* እንደተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ከሆነ ከአስፌሪካል መስታወት (ኩርባው እንደ ኳስ ገጽ ካልሆነ መስታወት) የመጣ ነው። መስታወቱ የሚጨመቅበት ቅርጽ ሲቀረጽ የሚቀሩት ጥቃቅን ጭረቶች ናቸው የሚታዩት። የኒኮን 50 ሚሜ 1.8ጂ፣ የሶኒ ኤፍኢ 50 ሚሜ 1.8፣ የካኖን አርኤፍ 50 ሚሜ 1.8 አንድ አንድ አስፌሪካል መስታወት አላቸው፣ ስለዚህ በእነሱ ላይ ይህንን ፈልጉ። የካኖን ኢኤፍ 50 ሚሜ 1.8 ኤስቲኤም የለውም። እንደ እኔ ከሆነ ቀለሙ ያልከረረ ቀለበት ሌንስ አያስጥልም። ማታ መንገድ ላይ ለሚያነሳ ሰው ግን ያስጠላል።

*ነጠብጣብና ክር።* የጠቆረ ነጥብ አቧራ ነው። አንድ ሁለት ነጥብ አያስጨንቅ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ግን ፈንገስ ነው። ያገለገለ ሌንስ ለምትገዙ ሰዎች ይህ ፈተና ወርቅ ነው። እኔ አንድ ጊዜ የገዛሁት ሌንስ በሱቁ መብራት ሲታይ ንጹሕ ነበር። ቤት ወስጄ መብራት ሳነሳበት በየክቡ ውስጥ ያው ድር ተዘርግቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ስልኬን አብርቼ ራቅ አድርጌ አስይዝና በሌንሱ ሰፊ ክፍተት፣ ሆን ብዬ ከፎከስ አውጥቼ፣ አንድ ትልቅ ክብ አነሳለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

*ጥጎቹ።* መሐል ላይ ክብ የነበረው ብርሃን ወደ ጥግ ሲሄድ እንደ ድመት ዓይን ይጠባል። የሌንሱ በርሜል ብርሃኑን ስለሚቆርጠው ነው። ሁሉም ክፍት ሌንስ ያደርገዋል። የምትመዝኑት ምን ያህል እንደሆነና በኤፍ 2.8 ይጠፋ እንደሆነ ነው። ሄሊዮስ ላይ ይህ ነገር ከጀርባ የሚሽከረከር መስሎ ይታያል። ለዚያ ብለው የሚገዙት አሉ።

ግራና ቀኙን ደግሞ አነጻጽሩ። የግራው ጥግ በጣም የጠበበ፣ የቀኙ ሙሉ ክብ ከሆነ፣ ካሜራው ደግሞ ቀጥ ብሎ ከነበረ፣ ከሌንሱ መስታወቶች አንዱ ከመሐል ሸሽቷል። ዋስትና ካለው መልሱት። ያገለገለ ከሆነ አትግዙት።

*ቅርጹ በኤፍ 2.8 እና 4።* ሌንሱ ጨርሶ ሲከፈት አፐርቸሩን የሚዘጉት ብሌዶች ከመንገዱ ስለሚወጡ ክቡ ክብ ነው። ሲዘጋ ብሌዶቹ ይታያሉ። የድሮው ካኖን 50 ሚሜ 1.8 ሁለተኛው ሞዴል 5 ብሌድ ብቻ ስላለው አምስት ማዕዘን ያወጣል። ኤስቲኤሙ 7 አለው። የኒኮን 1.8ዲ 7 ቀጥ ያሉ ብሌዶች ስላሉት ሰባት ማዕዘኑ ጥርት ብሎ ይታያል። የ1.8ጂ 7ቱ ብሌዶች ግን ጠርዛቸው የተጠጋጋ ስለሆነ በ2.8 እንኳ ክብነቱን ይዞ ይቆያል። ከላይ የጠቀስኩት የሲግማ አርት 9 የተጠጋጉ ብሌዶች አሉት። ሁልጊዜ ጨርሶ ከፍታችሁ የምታነሱ ከሆነ ግን በብሌድ ቁጥር ገንዘብ አታውጡ።

*ቀለም።* ከፎከሱ ኋላ ባሉ ነጭ ጠርዞች ላይ አረንጓዴ፣ ከፊት ባሉት ላይ ሐምራዊ ታያላችሁ። ነጭ ነጠላና ጥልፍ፣ የሙሽራ ቬሎ፣ የብር ጌጥ ላይ በጣም ያስቸግራል። በሶፍትዌር ይቀነሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

ደረጃ 8፦ ሳታውቁ ፍረዱ

ዋጋውን የምናውቀውን ሌንስ ዓይናችን ያዳላለታል። ስለዚህ ሰው እንዲያግዛችሁ ጠይቁ።

ጀበናውን አንሱና በቦታው ሰው አስቀምጡ። በየሌንሱ በኤፍ 1.8 እና በኤፍ 2.8፣ በዛፉም በመብራቱም ፊት፣ አንድ አንድ ጥሩ ፎቶ አንሱ። አሁን ተጋላጭነቱ ለፊቱ ይሁን። ወንድማችሁ ወይም ጓደኛችሁ የፋይሎቹን ስም ቀይሮ፣ መረጃው የማይታይ አድርጎ ይስጣችሁ። አጉልታችሁ አትዩ። ደንበኛችሁ በሚያይበት መጠን፣ በስልክ ስክሪን ወይም በአልበም ልክ እዩ። ከየጥንዱ አንዱን ምረጡና ጻፉ።

በነጋታው ተመልሳችሁ እንደገና ምረጡ። ዛሬ የመረጣችሁት ከትናንቱ ጋር ካልገጠመ ልዩነቱ ለእናንተ ሥራ አይታይም ማለት ነው። ርካሹን ያዙና የተረፈውን ገንዘብ ለመብራት አውሉት። በሁለቱም ቀን አንዱን ሌንስ ደጋግማችሁ ከመረጣችሁ ወደ ደረጃ 7 ተመልሳችሁ ያ ሌንስ በምን እንደበለጠ ፈልጉ። በጠርዙ ከሆነ ቅጠልና ሽቦ ባለበት ሁሉ ትጠቀሙበታላችሁ። በጥጉ ብቻ ከሆነ ኤፍ 2.8 ላይ ሌላውም እኩል ይሆናልና ደግማችሁ አስቡ። በክፍተቱ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም 1.4 ላይ ስለሚሰፋ ብቻ ከሆነ፣ ሰውየውን ከጀርባው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት አምጥታችሁ በ1.8ቱ እንደገና አንሱት። ያ ከበቃችሁ ሌላ ሌንስ አያስፈልጋችሁም።

ርቀቶቹን፣ የሹተሩን ፍጥነትና የመብራቶቹን አሰቃቀል በወረቀት ጽፋችሁ ከትራይፖዱ ጋር አስቀምጡት። ሦስተኛ ሌንስ ስታገኙ በዚያው ልክ ታነሱታላችሁ።